ባቄላው ኮምቦልቻ ላይ ለምን ቶሎ በሰለ? (ስለ ሴት ተማሪዎቻችንና ስለ ሳይንስ)

የጦሳ ሥር | መስከረም 21፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ ወሎዬዎች። ደሴ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዛሬ ከትምህርት ቤት የወጣሁት ከፍቶኝ ነው። ምን ትላላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

አምና 10ኛ ክፍል አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ከኩታበር ገጠር የመጣች ናት። ደሴ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነው የምትማረው። ዝምተኛ ናት፤ ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። ግንቦት ላይ ስለ መፍላት እያስተማርኩ፣ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ ደሴ ላይ ከዚያ በታች ነው የሚፈላው» አልኩ። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እሷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ለዚህ ነው እንዴ ባቄላ ኮምቦልቻ ቶሎ የሚበስለው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ጠመኔውን አስቀምጬ ንገሪን አልኳት። ክረምቱን ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ ከርማለች። ንፍሮ ስትቀቅል ከደሴው ቀድሞ ይበስልላታል። መጀመሪያ የዚያ አገር ባቄላ ሌላ ነው ብላ አሰበች። አንድ ቀን እናቷ ከኩታበር የላኩላትን ባቄላ ጣደች። እሱም ቶሎ በሰለ። «ስለዚህ ባቄላው አይደለም አልኩ» አለች።

እስቲ ይህን ልብ በሉልኝ። ማንም ሳያስተምራት ባቄላውን አንድ ዓይነት አድርጋ ቦታውን ብቻ ቀየረች። እኛ በላብራቶሪ ልናስተምር የምንደክመው ይህንኑ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ነች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከፍ ባልን ቁጥር ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ይቀንሳል። በየ300 ሜትሩ ወደ አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይፈላል። ደሴ 92 ገደማ፣ ኮምቦልቻ 94 ገደማ ማለት ነው። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ድስት አጠገብ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ግን ትታወቃለች። እሷ አውቃታለች።

ዘንድሮ 11ኛ ገባች። የናቹራል ተማሪዎች ዝርዝር ላይ ስሟን ፈለግሁ፤ የለም። ሶሻል ነው የሞላችው። ጠርቼ ለምን አልኳት። መሬት መሬት እያየች፣ «ቲቸር፣ ናቹራል ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ደብተር የምይዘው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው» አለችኝ። ከዚያ በፊት ሊጥ አለ። ዕቃ አለ። ውሃ የሚመጣበት ቀን ከሆነ ጀሪካን መሙላት አለ። የአክስቷ ልጆች አሉ።

ሶሻልን ንቄ አይደለም። ወዳው ብትገባ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ወዳው አይደለም። ርዕሰ መምህሩ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ መቀየር ትችላለች ብለዋል። ምን ላድርግ?

---

ቦርከና | መስከረም 21፣ ማታ 3፡52

ቲቸር፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው። ግን ልጠይቅ። ናቹራል ገብታስ? በ2015ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 ከመቶ ነው። የ2016ቱ 5.4 ከመቶ። ወንዱም ሴቱም ነው የወደቀው። አልፎ የተመረቀውም ፒያሳ ቆሞ ነው የሚውለው። እኔ ራሴ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። ሳይንስ ግቡ ግቡ ከማለት በፊት ሥራው ይኑር።

ባቄላውም ላይ አትቸኩሉ። ደሴ በከሰል፣ ኮምቦልቻ በእንጨት ቢሆንስ የቀቀለችው?

---

የጦሳ ሥር | መስከረም 21፣ ማታ 4፡05

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምርበት ሙቀቱ አይጨምርም። ቶሎ ይተናል እንጂ እዚያው 92 ላይ ነው። ስለዚህ እሳቱ የሚለውጠው እስኪፈላ ያለውን ጊዜ ነው። ከፈላ በኋላ ያለው የከፍታው ጉዳይ ነው። የሚያጠራጥረኝ ውሃው ነው። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ጥራጥሬን ቶሎ አያለሰልስም። እሱን አልለካሁም።

ስለ ሥራው አልከራከርህም፤ እውነትህን ነው። ነገር ግን ወንዱ ሥራ የለም ተብሎ ናቹራል ከመግባት ሲቀር አላየሁም።

---

የባቲ ላብራቶሪ | መስከረም 22፣ ጠዋት 1፡30

ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ አሁን ነው ያነበብኩት።

እኔ የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። መስከረም ገብቷል፤ ቆላው ላይ ወባ ይዞናል። ሥራዬን ልንገራችሁ። የጣት ደም ስላይድ ላይ አደርጋለሁ፣ አንዱን ወፍራም፣ አንዱን ስስ። ይደርቃል። ጊምሳ የሚባል ቀለም አፈስበታለሁ፣ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ አጥባለሁ። ከዚያ ዘይት አንጠብጥቤ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከሆነ በቀይ የደም ሴሉ ውስጥ ቀጭን ቀለበት ትታያለች። እንቁ ያላት የጣት ቀለበት በሏት። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ለቅሶ መጣብኝ። ታናሽ ወንድሜን የገደለችው እሷ ናት።

እናም ቦርከና፣ ሥራ የለም ስትል ይገባኛል። እኛ ጋ ግን ሰው ነው የጠፋው። አንድ ሌሊት ለብቻዬ 60 ስላይድ ያየሁበት ጊዜ አለ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ «በሴት ነጥብ የገባች» ይሉኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ። ለሴቶች ተብሎ የመግቢያ ነጥብ ዝቅ መደረጉ እውነት ነው። ያ ነጥብ ግን ጀሪካን ተሸክሜ ያመሸሁባቸውን ሰዓታት አልመለሰልኝም። አንድ ላይ ተቀምጠን፣ እኩል ሰዓት አጥንተን ብንፈተን ማን ይበልጥ እንደነበር ማንም አያውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከመፍላት ጋር ስለሚገናኝ። የወባ ታማሚዎቻችን የሚውጡት ኮአርተም አርቴሚሲኒን ከሚባል የዕፅ ንጥረ ነገር የመጣ ነው። ያገኘችው ቱ ዩዩ የምትባል ቻይናዊት ናት። የዶክትሬት ዲግሪ አልነበራትም። ዕፅዋቱን እየቀቀሉ ሲሞክሩ መድኃኒቱ አልሠራም አለ። ከ1,600 ዓመት በላይ ያለፈው የሕክምና መጽሐፍ ስታነብ ግን ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መጭመቅ ይላል፤ ቀቅሉት አይልም። ሙቀቱ ይሆን የሚያበላሸው ብላ ጠረጠረች። 35 ዲግሪ ገደማ ላይ በሚፈላው፣ ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው። ሠራ። በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመች። ድስት ላይ የሚሆነውን ልብ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ይደርሳል። ልጅቷን አትልቀቂያት።

---

ሰኞ ገበያ | መስከረም 22፣ ጠዋት 2፡15

ለሴት ሶሻል ይቀላታል። ለምን ትጨናነቃለች?

---

የ12 ተፈታኝ ከወልድያ | መስከረም 22፣ ቀን 7፡20

ሰኞ ገበያ፣ ማን ነው ይቀላታል ያለው? እኔ ሴት ነኝ፣ ናቹራል ነኝ፣ ከብዶኝ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ይከብደኛል። ግን የሚከብደኝ ሌላ ነው።

የወር አበባ ሲመጣ ትምህርት ቤታችን መጸዳጃ ቤት ውሃ የለም። ሞዴስ የሚገዛ የለም። ሁለት ሦስት ቀን እቀራለሁ። ስመለስ ኬሚስትሪው ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው። ማጠናከሪያው የሚሰጠው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ሲያልቅ ይመሻል፤ እናቴ «ጨለማ ነው ቅሪ» ትለኛለች። ቅዳሜ ጠዋት ቢያደርጉት እኮ ሁላችንም እንገኛለን።

ደግሞ በየዓመቱ የካቲት 4 የሴቶችና ልጃገረዶች በሳይንስ ቀን ሲከበር እንሰበሰባለን። «በርቱ» እንባላለን። እናጨበጭባለን። በማግስቱ ላብራቶሪው ተቆልፎ ነው የምናገኘው። ቁልፉን ያዥው ማን እንደሆነ እንኳን አላውቅም።

---

ከጅዳ | መስከረም 22፣ ማታ 5፡40

አሰላሙ ዐለይኩም የአገሬ ልጆች። ይኸን ሳነብ እንባዬ ነው የመጣው።

የወረባቦ ልጅ ነኝ። 9ኛ ክፍል ላይ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ፣ ከወንዶቹም ጭምር። አባቴ ሞተ። አራት ታናናሾች አሉኝ። ዓረብ አገር መጣሁ። ይኸው ስምንት ዓመት።

የማዳም ልጅ 10ኛ ክፍል ነው። አስጠኚ ተቀጥሮለታል። አንድ ማታ ሻይ ሳስገባለት ወረቀት እየቀደደ ይናደዳል። አየሁት፤ እኩልዮሽ ነው። አንዱን ወገን ወደ ሌላ ሲያሻግር ምልክቱን አልቀየረም። በጣቴ አሳየሁት። ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤት ሥራውን ማድ ቤት ይዞ ይመጣል። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሱ ይሠራል። ሒሳቡ በዓረብኛም ያው ነው።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ፋርማሲ አራተኛ ዓመት ናት። ወላሂ እሷ ነጭ ጋወን ለብሳ ፎቶ ስትልክልኝ ድካሙ ይጠፋልኛል። ግን ማታ ማታ አስባለሁ። እኔም እኮ እችል ነበር።

ቲቸር፣ አብሽሪ። ልጅቱን ያዢያት። ለደብተር፣ ለመጽሐፍ የሚያስፈልጋት ካለ በውስጥ ጻፊልኝ።

---

ጡረተኛ መምህር | መስከረም 23፣ ጠዋት 3፡00

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ባዮሎጂ 34 ዓመት አስተምሬአለሁ። ሁሉንም አነበብኩት።

ከጅዳ ለጻፍሽው ልጄ፦ የማሪ ኩሪን ታሪክ ልንገርሽ። ፖላንድ ውስጥ ዋርሶ ነው የተወለደችው። በዚያ ጊዜ እዚያ ሴት ዩኒቨርሲቲ አትገባም። ታላቅ እህቷ ብሮንያ ሐኪም መሆን ፈልጋለች፤ ገንዘብ ግን የለም። ሁለቱ እህትማማቾች ቃል ተገባቡ። ማሪ ሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ እያስተማረች ለብሮንያ ፓሪስ ትልካለች። ብሮንያ ስትቋቋም በተራዋ ማሪን ትወስዳታለች። ማሪ ለዓመታት ሰው ቤት ሠራች። በ1891 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ሄደች። በ1903 በፊዚክስ፣ በ1911 በኬሚስትሪ ኖቤል ወሰደች። አየሽ፣ መጀመሪያ ላኪዋ እሷ ነበረች። እህትሽ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ተራው የማን እንደሆነ አስቢበት። የማታ ትምህርት አለ፣ የርቀት አለ። አልረፈደም።

ለሌሎቻችሁም፦ ይህ ነገር ለወሎ እንግዳ አይደለም። በ1931 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት ያቋቋሙት እቴጌ መነን የአምባሰል ተወላጅ ናቸው። ደሴ ያለው ወይዘሮ ስሂን በእናታቸው ስም ነው የሚጠራው። እንግዲህ ስንቱ ወንድ በሴት ስም በተጠራ ትምህርት ቤት ተምሮ ወጥቷል! ከጎረቤታችን ጎጃም ደግሞ ከፍኖተ ሰላም የተነሡት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ አሉ። የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ናቸው። ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት መርተዋል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንበጣ የራያንና የቃሉን ማሳ ሲበላ ያያችሁ፣ የነፍሳት ምርምር ለምን እንደሚያስፈልግ እኔ አልነግራችሁም።

---

እንዶድ | መስከረም 23፣ ቀን 9፡45

ክፍሉ ሳቀ ያልሽው ነገር አልወጣልኝ አለ ቲቸር። እኔም ተስቆብኝ ስለማውቅ ነው።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ ትልቅ ምርምር ወጣ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። ክብር ይገባቸዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ሴቶቹን ነው። እንዶዱን ለቅመው፣ አድርቀው፣ ወቅጠው ወንዝ ያወረዱት እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ተምራ ቢሆን ጥያቄውን ራሷ ትጠይቀው ነበር ይሆን?

---

የሐይቁ አባት | መስከረም 23፣ ማታ 2፡30

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ስህተት ካለው እረሙኝ።

ሴት ልጅም ወንድ ልጅም አለኝ፤ አንድ ክፍል ናቸው። አንድ ማታ ወንዱ መጽሐፍ ይዞ ተጋድሟል፣ እሷ ቡና ትቆላለች። «ለምን አታጠኚም» ብዬ ተቆጣኋት። ዝም ብላ አየችኝ። ያ አስተያየቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ቡናውን ቁዪ ያልኳት እኮ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ሕግ አወጣሁ። ከመግሪብ እስከ ሦስት ሰዓት ማንም እሷን አይጠራም። እንግዳም ቢመጣ አይጠራም። ውሃው የወንዱ ነው። መጀመሪያ ሰው «ሴቷን አስቀምጦ ወንዱን ጀሪካን ያሸክማል» ብሎ አወራብኝ። አሁን ለምዷል።

ቲቸር፣ አክስቲቱን ግን አትውቀሻት። የሰው ልጅ አስጠግታ እያበላች ነው። በቁጣ አትሂጂባት። ቡናና ስኳር ያዥና ሂጂ። አቦሉን ጠጪ፣ ጉዳይሽን በቶናው አውሪ። ሰው ቤት እንዲህ ነው የሚገባው።

---

ቦርከና | መስከረም 23፣ ማታ 4፡20

የባቲዋንና የጅዳዋን ካነበብኩ በኋላ ያልኩትን መልሼ አሰብኩበት። ስለ ሥራው ያልኩት ላይ አሁንም ነኝ። ሥራ ካልተፈጠረ ተምረው የሚቀመጡት ይበዛሉ፤ ሴቷ ደግሞ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ቶሎ ይድሯታል። ይህም መወራት አለበት።

ግን እዚያ ድስት ጋ ያለችው ልጅ ትክክል ትሁን ስህተት ለማወቅ እኔም ጓጉቻለሁ። አሁን ኮምቦልቻ ሳይት ላይ ነው የምሠራው። የኮንክሪት ሙቀት የምንለካባቸው ሁለት ቴርሞሜትሮች አሉ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምንሠራው። ብትወርዱ አውሳችኋለሁ።

---

የጦሳ ሥር | መስከረም 24፣ ማታ 3፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሄጄ ነበር።

የሐይቁ አባት እንዳሉት ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ አስተማሪዋን በር ላይ ስታይ ደነገጠች፤ ያጠፋች መሰላት። አክስቷ ጥሩ ሰው ናቸው። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ባለቤታቸው ሹፌር ነው፣ አይውልም አያድርም። እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎች ያስረክባሉ። ሊጡ የሚበዛው ለዚያ ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከክፍል ሆኜ ስፈርድባቸው ከርሜአለሁ።

ቶናው ላይ የባቄላውን ነገር ነገርኳቸው። ሳቁ። ቀጥለው ዝም አሉ። «እኔም ከሰባተኛ ነው የወጣሁት» አሉኝ። «ሒሳብ እወድ ነበር። የእንጀራውን ሒሳብ ያለ ወረቀት ነው የምይዘው፤ የስንት ሆቴል።» ቀና ብለው አዩኝ። «ስንት ሰዓት ነው የምትፈልጊው?»

«ሁለት። ከአንድ እስከ ሦስት» አልኳቸው።

ልጃቸው 13 ዓመቱ ነው። ጀሪካኑን እሱ ይዞታል። ሊጡ ወደ ንጋት ይዞራል፤ እሱን እሳቸው ይነሱበታል። «እስከ ገና እንየው፤ ካልሆነልኝ ግን እነግርሻለሁ» ብለዋል። እስከ ገና ሦስት ወር ነው። ለእኔ ብዙ ነው። ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄዳ ወደ ናቹራል ትቀይራለች። ማጠናከሪያውንም ወደ ቅዳሜ ጠዋት እንዲያዞሩት አብሬ እጠይቃለሁ። የወልድያዋ ልጅ፣ ይህን ካንቺ ነው ያገኘሁት።

ቦርከና፣ በነገው ቅዳሜ አንደርስም፤ ጥቅምት 2 እንወርዳለን። ከኩታበር የመጣው ባቄላ አለ፤ ግማሹን ደሴ ላይ እኔ እቀቅላለሁ፣ ግማሹን እሷ ኮምቦልቻ ላይ። ሰዓት እንይዛለን። የውሃው ነገር እንዳሳሰበኝ ስነግራት ገና አረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ፣

«ቲቸር፣ ታዲያ ውሃውንም ከዚሁ ይዤ ልውረዳ» አለችኝ።

አንድ ጀሪካን የደሴ ውሃ ሚኒባስ ላይ የሚያስጭነን ሾፌር የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።